ቀለም የሌለው ማኅተም

በእኛ ዘመን ማኅተም እንዲህ እንደ ዛሬው ኮምፒውተር የሚተፋው ነገር አልነበረም፣ ልጄ ሰላም። ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት አይባልም፤ ሰው ሞቶ እንኳ ሞቱ የሚታመነው ማኅተም ሲያርፍበት ነው። ታዲያ እኔ ያንን የምቀርጽ ሰው ነበርኩ። ስልክሽ እየቀዳ ነው? እሺ። ይህች አጠገቤ ያለችው ለተብርሃን ምስክሬ ናት። አስመራ ተወልዳ በአማርኛ ነው የተማረችው፣ እና አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፣ ስሳሳት ታርመኛለች። ብቻ መሃል እየገባሽ አታስረሺኝ፣ ለተብርሃን።

ሱቄ ፒያሳ ነበረች። ሱቅ ከተባለች ነው፤ እኔ ውስጥ ተቀምጬ ደንበኛው ደጅ ቆሞ ነው የምንነጋገረው። ጎማውን በምላጭ፣ እንጨቱንና ነሐሱን በመቅረጫ፣ ፊደሉን ሁሉ ገልብጬ። ፊደል ገልብጦ መጻፍ ለእኔ ቀና አድርጎ ከመጻፍ ይቀለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ሚስቴ ብርቄ "አንተ የጻፍከውን በመስታወት ነው የማነበው" ትለኝ ነበር።

ታዲያ ምርጫ ዘጠና ሰባት መጣ። የሰፈራችን ልጆች ኮሚቴ አቋቁመናል ብለው ክብ ማኅተም አዘዙኝ፣ ፈቃድም ይዘው መጡ፣ ቀረጽኩላቸው። ከምርጫው በኋላ ያ ሁሉ ግርግር ሆነ፣ ልጆቹ ታፈሱ፣ እና ማኅተሙ ከአንዱ ኪስ ተገኘ። ማን ቀረጸው ተባለ። የእኔን እጅ ፒያሳ የማያውቅ የለም። ወሰዱኝ። የት ነበርክ፣ ምን አደረጉህ አትበይኝ። እነዚህን ሁለት ጣቶች ታያቸዋለሽ? አይታጠፉም። አንዱ በጫማው ቆመባቸው፣ እና ጎንበስ ብሎ "በል እንግዲህ ቅረጽ" አለኝ። ሳይቆጣ ነው ያለው። በቀስታ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያመኝ ያ ቀስታው ነው። ስፈታ መቅረጫ ሁለተኛ በእጄ ላልነካ ማልኩ፣ እና ብዙም ሳልቆይ አገሩን ለቀቅሁ።

ለንደን ስመጣ ብርቄ እዚያው ቀረች፣ ወረቀትህ ሲያልቅልህ እከተልሃለሁ ብላ። ወረቀቴ አለቀ፣ ኬንቲሽ ታውን ይችን የካውንስል ፍላት፣ የእኛን የቀበሌ ቤት በይው፣ ሰጡኝ፣ ለሷም አፕላይ አደረግሁ፣ ባለ ሁለት ሰው አልጋ ገዛሁ፣ መጋረጃ ሰቀልኩ። እና ጠበቅን። እሷ እዚያ ትጠብቃለች፣ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። እየቆየ በስልክ ሳል ሰማሁባት። "ብርድ ነው" ትለኛለች። በበጋ የምን ብርድ ነው ስላት "የአንተ አገር ብርድ በስልኩ እየመጣብኝ ነው" ብላ ታስቀኛለች። ታዲያ አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ፤ ይህች ለተብርሃን፣ ከኋላዋ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰው። ምንም አልጠየቅኋቸውም። ሰው በማለዳ ጥቁር ለብሶ ደጅህ ሲቆም ምን ይጠየቃል?

ፔማን ያወቅኋት ያን ለታ ነው። ፔማ እዚሁ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር አሮጊት ነበረች፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ቲቤት ከሚባለው የተራራ አገር በወጣትነቷ ተሰዳ፣ ህንድ ብዙ ኖራ፣ በስተርጅና ለንደን የመጣች። እስከዚያ ቀን ደረጃ ላይ ሄሎ ከመባባል በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ታዲያ ለቅሶውን ሰምታ ወጣች። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ እሷ በሰዉ መሃል ቀጥ ብላ መጣችና ነጭ የሐር ሻርፕ፣ የአገሯን የክብር ስጦታ፣ በሁለት እጇ ዘርግታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ይላል በሹክሹክታ፣ ሌላው ነጠላ መስሏት ይሆናል ይላል። እሷ ምን ገዷት፣ ከለተብርሃን አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና የሞተችው ስሟ ማን ነው ብላ ጠየቀች። ብርቄ አሏት። "ቢርኬ፣ ቢርኬ" አለች፣ ትምህርት እንደሚያጠና ልጅ፣ እና እስኪመሽ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን የምንነጋገረው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ አንቱታ የለም፣ እና እስከ መጨረሻው አንቺ እንዳልኳት ቀረሁ።

እኔ ያኔ ካምደን አንድ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ሰዉ ሥራ ሳይገባ ማለዳ ነው የምጨርሰው። ስመለስ ባስ ትቼ ካናል በሚሉት፣ ሰው በቆፈረው የጀልባ መሄጃ ውኃ ዳር በእግሬ ነው የምመጣው፣ ቤት ቶሎ ገብቼ ያንን አልጋ ማየት አልወድም ነበርና። ታዲያ አንድ ማለዳ ፔማ ካናሉ ጠርዝ ላይ ተንበርክካ፣ ወደ ውኃው ተደፍታ አየኋት። ልትገባ ነው ብዬ ሮጥኩ። ስደርስ በገመድ የታሰረች ትንሽ እንጨት ውኃው ላይ ታሳርፋለች፣ ታነሳለች፣ ታሳርፋለች፣ ታነሳለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እያደረግሽ ነው ስላት እንጨቷን ገልብጣ አሳየችኝ። ማኅተም። ማኅተም ነው፣ ልጄ። መዳፍ የምታህል፣ በእጅ የተቀረጸች፣ መሃሏ ላይ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው፣ ዙሪያውን የማላውቀው ፊደል፣ ሁሉም ተገልብጦ። የእጅ ሥራ ከነነፍሱ ነው። ከታሰርኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

"ቀለሙስ?" አልኳት።

"ቀለም የለውም።"

"ታዲያ ምን ላይ ነው የምታትሚው?"

"ውኃው ላይ።"

"ውኃ ላይ አይቀርማ።"

"አይቀርም" አለች፣ እና ማተሟን ቀጠለች።

በኋላ እየሄድን አስረዳችኝ። በነሱ ሃይማኖት፣ በቡድሃ ሃይማኖት፣ ይሄ ጸሎት ነው። ምስሉንና ጸሎቱን ውኃ ላይ ያትማሉ፣ ውኃ ውስጥ ላለ ፍጥረት ሁሉ፣ እና ለሞቱት። ማኅተሟን የቀረጸላት ባሏ ነው፣ ህንድ የስደተኛ ሰፈር ሳሉ። ተራራውን ሲሻገሩ ሴት ልጃቸው በረዶ ውስጥ ቀርታባቸዋለች፣ ገና በእግሯ መሄድ የጀመረች ሕፃን። መቃብር የላትም። "በረዶውም ይቀልጣል፣ ይወርዳል፣ ውኃ ሁሉ አንድ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማለዳ ተገናኘን። እሷ ታትማለች፣ እኔ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዳዊቴን እደግማለሁ፣ ማንም ማንንም አይነካም፣ ከዚያ አብረን ዳገቱን እንወጣለን። ወሬም የለንም። ዝም ብሎ አብሮ የሚሄድ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

ታዲያ አንድ ማለዳ ዳዊቴን ጨርሼ ጆሮዬን ጣል ባደርግ "ቢርኬ" ስትል ሰማሁ። ደግሜ ባዳምጥ፣ ቢርኬ። ተነሳሁ። ማንን ነው የምትጠሪው አልኳት። ሳትደነግጥ "ሚስትህን፤ ከለቅሶው ቀን ጀምሮ እጠራታለሁ" አለችኝ፣ ደስ የሚለኝ መስሏት። ደሜ ፈላ። ሚስቴ የተጠመቀች ናት፣ ቆርባ የሞተች ናት፣ ፍትሐት የተፈታላት ናት፣ አንቺ ማን ነሽና ነው፣ በማን ስም ነው የምትጠሪያት አልኳት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለስፖርት የሚሮጡት ፈረንጆች ቆመው እስኪያዩን ድረስ። እሷ ማኅተሟን በጨርቅ ጠቀለለች።

"ለብቻዋ እንዳትሆን ብዬ ነው" አለች።

እኔም ያን ቀን በባስ ሄድኩ፣ ከዚያም በኋላ በባስ።

ክረምቱን ሙሉ ተኳረፍን፣ የዚህን አገር ክረምት፣ ጨለማውን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እሷ ግንባሯን ዝቅ ታደርጋለች፣ እኔ ቁልፍ የጠፋኝ መስዬ ኪሴን እፈትሻለሁ። ይህች ለተብርሃን ደግሞ ከሁለታችንም ጋር ትውላለች፣ እና ትሰድበኛለች። ምን አደረገችህ ትለኛለች፣ ስም ጠራች፤ ስም መጥራት የሚጎዳ ቢሆን አንተን ስንቴ በጎዳሁህ ትለኛለች። እኔ ግን አልበረደልኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብርቄን ወስዳብኝ ውኃ ውስጥ የጨመረችብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ለተብርሃን አንድ ቀን መጥታ ፔማ ሆስፒታል ናት አለችኝ። ካናሉ ዳር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ገጭቷት ዳሌዋ ተሰብሯል፣ ማኅተሟም ድንጋዩ ላይ ወድቃ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ልጠይቃት ወረድኩ። ምን ይደረጋል፣ የታመመ ሰው ይጠየቃል፣ ኩርፊያ ከሕመም አይበልጥም። ብርቱካን ይዤ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ናት፣ ያችን ማኅተም በፕላስተር አጣብቃ ደረቷ ላይ ይዛታለች። ስለ ጠቡ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። "አይይዝም፣ ውኃ ሲነካው ይላቀቃል" አለች ብቻ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ህንድ የሚቀርጽ ሰው አለ ይባላል፣ ግን እስኪመጣልኝ አልደርስም ነው የምትለው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ምን እንደነበረ ነግሬያት አላውቅም። ለተብርሃንን አየኋት፣ ለተብርሃን አየችኝ፣ እና አፏን አልከፈተችም፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸውና አባ፣ ብቀርጽላት የጣዖት ሥራ ይሆንብኝ ይሆን ወይ አልኳቸው። አባ ጢማቸውን ዳበሱ።

"ትሰግድለታለህ?" አሉኝ።

"አልሰግድለትም፣ አባ።"

"ታትምበታለህ?"

"አላትምበትም።"

"ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?"

"ከአልጋዋ እንድትነሳ" አልኩ።

መስቀላቸውን አሳለሙኝና "ሽፈራው፣ እኔ አልፈቀድኩልህም፤ እንጨት ስትጠርብ ግን አላየሁህም" አሉኝ።

ካሌዶኒያን ሮድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ የተሰበረ ጠረጴዛ አገኘሁ፣ እንጨቱ የከረመ፣ የጠነከረ። መቅረጫም ገዛሁ። ወደ ቤት ይዤው ስመጣ ባሱ ላይ የሌባ ዕቃ የያዝኩ ይመስል ኮቴ ውስጥ ደብቄው ነው። መሐላዬን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ጣቶቼ ስለማይታጠፉ መቅረጫውን በአውራ ጣቴና በመዳፌ መሃል መያዝ ነበረብኝ፣ ትንሽ እቀርጻለሁ፣ ያመኛል፣ አስቀምጣለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ያ ቀስ ያለ ድምፅ ይመጣብኛል፣ በል እንግዲህ ቅረጽ ይለኛል። እቀርጽ ነበር። ለተብርሃን ከፔማ ተውሳ ያመጣችልኝን ስባሪ ፊቴ አስቀምጬ፣ የማላውቀውን ፊደል እየተከተልኩ፣ ዐቢይ ጾሙን ሙሉ ፈጀብኝ።

ሳልቅ ወሰድኩላት። ሳልቅ አይባልም፣ ምን ይባላል ለተብርሃን? ሲያልቅልኝ። ሲያልቅልኝ ወሰድኩላት። በዓይኗ አይደለም ያየችው፣ በጣቷ እየዳበሰች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። አንድ ቦታ ቆመችና እዚህ ጋ ጭራ ይጎድለዋል አለች፤ ስንጥቁ ያለፈበት ቦታ ነው፣ አልታየኝም ነበር። እዚያው አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጨመርኩላት። ስትቀርጽ አየሁህ፣ ይሄ የጀማሪ እጅ አይደለም፣ ማን አስተማረህ አለችኝ። ያኔ ነገርኳት። ፒያሳውን፣ ልጆቹን፣ ጫማውን። ጥገኝነት ስጠይቅ ለጠበቃዬ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አልተናገርኩም። እነዚህን ሁለት ጣቶች በእጇ ይዛ ቆየች።

ከፋሲካ በኋላ ፀሐይ ብቅ ስትል እኔና ለተብርሃን በዊልቸር ወደ ካናሉ ወሰድናት። ጠርዙ ድረስ አስጠግተን እኔ ጎማውን ያዝኩ፣ ለተብርሃን ወገቧን አቀፈች፣ እሷ በገመዱ ማኅተሙን አወረደችው። ውኃው ላይ ያ የተቀመጠው ሰው ለአፍታ ታየ፣ ወይም የታየኝ መሰለኝ፣ እና ጠፋ። ስም መጥራት ጀመረች። የልጇን፣ የባሏን፣ የማላውቃቸውን ብዙ ሰዎች። ከዚያ ገመዱን ወደ ላይ ሳበችና ዞር ብላ አየችኝ።

"ልጥራት?" አለችኝ።

ጀልባ አለፈ፣ ጀልባው ያስነሳው ማዕበል ድንጋዩን መታና ተመለሰ፣ ውኃው እስኪረጋ ጠበቅሁ። እሷም አልቸኮለችም።

"ብርቄ የቤት ስሟ ነው" አልኳት። "የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው።"

ለማለት ሞከረች፣ ተሳሳተች፣ አስተካከልኳት፣ ደግማ አለችው። ወለተ ማርያም። እና ማኅተሙን ውኃው ላይ አሳረፈችው። እኔ ፊቴን በኮቴ ሸፈንኩ። መርዶ የሰማሁ ዕለት ሰው ስለነበረ እንደ ደንቡ ነው ያለቀስኩት። ካናሉ ላይ ግን ለቅሶዬ ደንብ አልነበረውም።

ያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልወረደችም። ደረቷን አመማት፣ ሆስፒታል ወሰዷት፣ መለሷት፣ እንደገና ወሰዷት፣ ቅጠል ሲረግፍ ሞተች። በአገራቸው ደንብ ሬሳ ያቃጥላሉ፣ የተሰነጠቀውን የባሏን ማኅተም አብራችሁ አቃጥሉልኝ ብላ ነበር፣ እንዳለችው ሆነ። ለእኛ ሰው ሲቃጠል ማየት ይከብዳል። የማቃጠያው በር ሲዘጋ ለተብርሃን ጀርባዋን ሰጥታ ነው የቆመችው፣ እኔም ጫማዬን ነው ያየሁት። ከሬሳው ጋር የመጣነው ሰዎች አንድ ታክሲ ይበቃን ነበር።

የወንድሟ ልጅ ከስዊዘርላንድ መጣ፣ ጎልማሳ፣ ጨዋ ሰው። ካውንስሉ ቁልፉን ቶሎ ስለሚፈልግ ቤቱን በችኮላ ባዶ አደረገው። እኔ ዕቃ ሳግዘው የእኔን ማኅተም ከጨርቁ ፈታና ግንባሩን አስነካው። "የአክስቴ ባል እጅ ሥራ ነው" አለኝ። "ወደ ገዳማችን እወስደዋለሁ፣ መነኮሳቱ ሐይቁ ላይ ያትሙበታል።" እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ብርድ ልብሷን ይዤ። ምን ልበለው? ሐዘንተኛ ነው፣ የዘመዱ መስሎት ደስ ብሎታል። ተባረክ አልኩትና ሄደ።

ከታች ሌሎች ሰዎች ገቡ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሙዚቃ ይወዳሉ። እኔ ካናሉ ዳር አልሄድም፣ ባስ አለልኝ፣ ለአዛውንት በነፃ ነው። አንዳንዴ ሳስበው ግን ይጨንቀኛል። ብርቄን አልቀበርኳትም፣ ሰው ነው የቀበረልኝ። ፔማን ማንም አልቀበራት፣ ጭስ ሆነች። ሰው ወዳጁ ሲሞት ሄዶ የሚቆምበት አፈር ይፈልጋል፣ እኔ የለኝም። እጄ በመጨረሻ የሠራው ያ ሥራ ደግሞ በሌላ ሰው ስም የማላውቀው አገር ነው ያለው። ይኸው ነው ጨዋታው። ጨዋታ ከተባለ።

ሰላም፦ ጋሼ፣ ግን ለምን አልነገሩትም? እኔ ብሆን እነግረው ነበር።

አንቺማ ትነግሪው ነበር። ልጅ ነሽ።

ለተብርሃን፦ እኔ ነግሬዋለሁ።

ምን አልሽ?

ለተብርሃን፦ ደረጃው ላይ ጠብቄ ነገርኩት። የባሏ ሥራ ከሷ ጋር ተቃጥሏል፣ ይሄ የሽፈራው ነው አልኩት። ሻንጣውን አስቀምጦ አለቀሰ። ተመልሶ ሊያመሰግንህ ሲል እኔ ነኝ የከለከልኩት፣ ያን ቀን ፊትህ አያስቀርብም ነበር።

እና ይሄን ሁሉ ዓመት አፍሽን ይዘሽ?

ለተብርሃን፦ መሃል አትግቢ አላልክም? ስምህንም ጠይቆኛል። ነገርኩት።

ስሜን ለምን ፈለገው?

ለተብርሃን፦ መነኮሳቱ ሲያትሙ ሊጠሩህ ነዋ።

እኔ ሳልሞት?

ለተብርሃን፦ እኔም እሱን ብዬዋለሁ። በሕይወት ላለም ይሆናል አለኝ።

(ጋሽ ሽፈራው ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው።)

እንግዲህ ይሄን ለአባ የሚነግራቸው ማን ነው? አጥፊው ልጄ፣ አጥፊው ስልኩን።